አራት ጣሳ ፉርሽካ

መድኃኒት ቀማሚው ላስቲኩን በምላጭ ሰንጥቀው አሸተቱት። ታናሽየዋ እህት አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ታያለች። የመድኃኒት እንጉዳይ ያበቅልልኛል ብላ ስድስት ወር ሙሉ የለፋችበት ሦስት መቶ ላስቲክ ሰጋቱራ መደርደሪያው ላይ ተኮልኩሏል። እንጉዳዩ የሚወጣበት ነጭ ክር ጥጥ መስሎ ውስጡን ወርሶታል፤ እንጉዳይ ግን የለም። አንድም! ሰውየው ዛሬ በአቅራቢነት ካልተቀበሏት ተመልሳ የሰው ልብስ ማጠብ ነው፤ ሳሙና የበላው ጣቷ ደግሞ ገና አልዳነም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቀን ቢሰጡኝ…»

«ቀን ምን ያደርግለታል?» አሉ፤ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ይሄ እኮ ጠግቧል። እንጉዳይ ቀለቡ ሲያንስበት ነው የሚያፈራው። እንዲህ ካጠገብሽው ክሩን ሲያደልብ ይከርማል። የደባለቅሽበት ፉርሽካ ስንት ነው?»

«ለአስር ጣሳ ሰጋቱራ አራት ጣሳ።»

«አራት? ኧረ ጉድ! አንድ ይበቃው ነበር እኮ። ማነው አራት ያለሽ?»

ማን ይሆናል! በሩ ላይ የቆመችው ታላቅ እህቷ ናታ። አምስት ዓመት ሙሉ ለኚሁ ሰውዬ እንጉዳይ ስታቀርብ የኖረችው። «አትሰስቺበት ሆዴ፣ እንደ አራስ ቀልቢው» ብላ የመጀመሪያውን ፉርሽካ በገዛ እጇ የሰፈረችላት። የራሷን ስትደባልቅ ግን «አቧራው ያስነጥስሻል፣ አትምጪ» ትላታለች። ይቺ ሞኝ ደግሞ ለጤናዬ አስባ ነው ብላ ስትመርቃት ከርማለች!

ዞር ብላ አየቻት። ታላቅየዋ ጥፍሯን ትመለከታለች። ታናሽየዋ ክው አለች። አንድ ጡት ጠብተው፣ አንድ አልጋ ላይ አድገው!

እንዲያም ሆኖ በሰው ፊት ልታዋርዳት አንጀቷ አልቻለም።

«ማንም አላለኝም፣ ጋሼ» አለች። «እኔው ራሴ ነኝ ያበዛሁት።»

ይሄኔ ታላቅየዋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋጤ ብን ብሎ ጠፋ።

«ስንቴ ነገርኳት መሰለዎት!» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ምን ላድርግ፣ አትሰማማ! ግን አያስቡ፣ የሷንም እኔ አሟላልዎታለሁ።»

ሰውየው እያዘኑ ምላጫቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። ታላቅየዋ ልትከተላቸው ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመለሰች። እህቷን እቅፍ አድርጋ ግንባሯን ሳመቻት።

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አለቻት።

ታናሽየዋ ሁለት እጇን ከጎኗ ሳታነሳ ተሳመች።