የፍየሏ ጥያቄ

አቢሶ በስደት በሚኖርበት የጻካኔ ሰፈር ባለችው ሱቁ ውስጥ ይሸጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ደንበኞቹ በፍርግርጉ ቀዳዳ ራንድ ያቀብሉታል፤ እሱ እቃ ያቀብላቸዋል። ፊቱን ሙሉውን ያየው ሰው ያለ አይመስለውም። የጎኑ የብረት በር የሚከፈተው ጠዋት የዳቦ መኪናው ሲመጣ ብቻ ነው። ዳቦውን ይረከባል፣ መኪናው ይነሳል፣ እሱም በሩን በሐዲዱ ላይ ገፍቶ ይለቀዋል። በሩ እየተንደረደረ ሄዶ በራሱ ይቆለፋል።

አቢሶ በፊዚክስ ዲግሪ አለው። በመጨረሻው ዓመት ፈተና ሌሎቹ ገጽ ሙሉ የፈጁበትን የፍጥነት ጥያቄ በሁለት መስመር ጨርሶት ነበር። መምህሩ «ይሄ ያንተ ጭንቅላት አይደለም፣ ከሰው ቀድተሃል» ብሎ ዜሮ ሰጠው። ይጠብቀው የነበረው የረዳት መምህርነት ቦታም ለመምህሩ የአገር ልጅ ሄደ። የአቢሶ መልስ ልክ ነበር። ልክ ነህ ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።

አንድ ቀን የሐበሻ ነጋዴዎች ወደሚበዙበት ጀፕ ሰፈር እቃ ሊጭን ሄዶ ምሳ የሚበላበት ቤት ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «ፊዚክስ በአማርኛ፣ በነፃ አስረዳለሁ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥሩን ጻፈ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ጅምላ አከፋፋይዋ ሸፊቃ ዘንድ ደረሰ።

«አንተ ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ስኳር ነው ወይስ ቀመር የምጭንልህ?»

«ስኳር፣ ሸፊቃ። ቀመሩስ አለኝ።»

«እሱን ማን ይገዛሃል! ሚስት እፈልጋለሁ ብለህ ብትለጥፍ ይሻልህ ነበር።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አቢሶም አብሮ የሳቀ መሰለ።

በሳምንቱ መልእክት ገባለት። «መምህር፣ ፊቤ እባላለሁ። ጀርሚስተን ከተማ አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። በእንግሊዝኛ ሲያስተምሩን አይገባኝም። አባቴ ከወንድ ጋር በስልክ እንዳወራ ስለማይፈቅድልኝ በጽሑፍ ይርዱኝ።»

«መምህር» የምትለዋን ቃል ደጋግሞ አነበባት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። ከቆመበት የተነሳ መኪና ፍጥነቱን በየሰከንዱ በሁለት ሜትር በሰከንድ እየጨመረ ቢሄድ፣ በአስር ሰከንድ ምን ያህል ይርቃል? አቢሶ ደንበኛ አስቁሞ ጻፈላት። መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ሃያ ይሆናል፤ ከዜሮ ስለተነሳ አማካዩ አስር ነው፤ አስር በአስር መቶ ሜትር። «ቀመሩን አትሸምድጂ፣ መኪናውን በዓይነ ህሊናሽ ተከተዪው» አላት።

«ገባኝ መምህር!» ብላ መለሰች። ያን ቀን ዳቦ ሲሸጥ ያፏጭ ነበር።

ሰላም የሚነሳው አንድ ሰው ነው። ሲፎ የሚሉት ቀይ ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ማዶ የመብራት ምሰሶ ተደግፎ ይቆማል። ሱቁን ያያል፣ ስልኩን ያያል፣ ደግሞ ሱቁን ያያል።

«ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ!» ይለዋል።

«ምን ትጠብቃለህ እዚህ?»

«ኔትወርክ ነዋ! ከዚህ ምሰሶ ሌላ የትም አይዝልኝም። አንተን የምጠብቅ መስሎህ ነው? አንተማ ቆንጆ አይደለህም!»

አቢሶ አላመነውም። የሚያወራው ሰው ስላልነበረው ለፊቤ ጻፈላት፦ «የዳቦ መኪና በመጣ ቁጥር በሬን የሚጠብቅ ሰው አለ።»

«ወይኔ መምህር! ዓይንዎን ከእሱ ላይ እንዳያነሱ» አለችው። የሚሳሳለት ሰው ካገኘ ስንት ዓመቱ።

ቀጥሎ የፍየሏ ጥያቄ መጣ። የበረት በር ተገፍቶ እስኪዘጋ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። ፍየሏ ከቆመችበት ተነስታ ፍጥነቷን በየሰከንዱ በሦስት ሜትር በሰከንድ ትጨምራለች። በሩ ሲገፋ ብትነሳ፣ ሳይዘጋ ለመግባት ቢበዛ ስንት ሜትር ርቃ ልትቆም ትችላለች?

አቢሶ ፈገግ አለ። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ፍየል አርብቶ አያውቅም።

«ስድስት ሜትር» ብሎ ከነማብራሪያው ጻፈ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጨመረ። «ይሄ የወረቀት ነው። እውነተኛ ፍየል ለመነሳት ትዘገያለች። ስለዚህ አምስት ላይ ትቁም።»

«እንዴት ያለ መምህር ነዎት! ልክ መሆኑ ሲረጋገጥ እነግርዎታለሁ።»

ጠበቀ። ፊቤ ዝም አለች። ደንበኛ እያስተናገደም ስልኩን እያነሳ ያያል። ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንዲት ቃል ነው የሚጠብቀው።

በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት የዳቦ መኪናው አራግፎ ሄደ። ሲፎ ምሰሶው ሥር ነበር። አቢሶ ዓይኑን ከቀይ ኮፍያው ላይ ሳይነቅል በሩን ገፍቶ ለቀቀው።

ከወዲያ በኩል፣ ከሱቁ ጎን ካለው የውሃ ሮቶ ጀርባ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው ተፈትልኮ ወጣ። በሩ ሊገጥም ሲል በክፍተቱ ሾልኮ ገባ። ሽጉጥ ይዟል። አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ በአፈሙዙ ብቻ መሳቢያውን አሳየው፣ ሲጋራውን አሳየው፣ በመጨረሻም በሩን እንዲከፍት አሳየው።

ሰውዬው ወጥቶ ሲሮጥ የተከተለው ሲፎ ነበር። «ያዙት! ሌባ!» እያለ ጥጉን ታጠፈ። ሲመለስ ኮፍያው የለም፤ በእጁ መንገድ ላይ የወደቀ አንድ ካርቶን ሲጋራ ይዟል።

«ሶሪ፣ ማይ ፍሬንድ» አለ እያለከለከ። «አመለጠኝ። አንተ ደህና ነህ?»

አቢሶ በሩ ላይ ቆሞ ሮቶውን ያያል። ከሥሩ የተረገጠ የሲጋራ ቁራጭ አለ። ከዚያ እስከ በሩ ያለውን ርቀት ዓይኑ ሳያዘው ለካው፤ አምስት ሜትር ነው።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ፊቤ ናት።

«ፍየሏ ገብታለች፣ መምህር። መልስዎ ልክ ነበር።»