የዘበኛው እንቅልፍ

ውሻውን «ዘበኛው» የሚሉት ለቀልድ ነው። ሰማይ ሲያጉረመርም ከሁሉም ቀድሞ አልጋ ስር የሚገባው እሱ ነበር።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። የእንስሳት ሐኪሙ ካሞሚል ከሚባል ተክል የተሠራ የሚያረጋጋ ጠብታ ሲያዝላት ነገሩን እንደ ደንበኛ ጨርቅ በጥንቃቄ ያዘችው። መጀመሪያ ውሻውን መዘነችው። ልብ በሉ፣ «ቅጠል ምን ይጎዳል?» ብሎ ዝም ብሎ ማንቆርቆር አደጋ አለው፤ መጠኑ እንደ ክብደቱ ነው፣ አልኮል የገባበት ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም። እሷ በቀን አራት ጠብታ ብቻ ሰጠችው።

በሳምንቱ ዘበኛው መንቃት አቃተው።

«በቅጠልሽ ልትጨርሺው ነው» አለች የወንድሟ ሚስት፣ የአባባን ሾርባ እያማሰለች።

«አራት ጠብታ እኮ ነው!»

«እኔ ምን አውቄ። አንቺ ውሻ አስታምሚ፣ እኔ አባትሽን አስታምማለሁ።»

አባባ እርጅና ተጫጭኗቸዋል። ማንኪያ እንደያዙ ያንቀላፋሉ፤ ሲነቁም የተረፋቸውን ከጠረጴዛው ስር ለዘበኛው ያቀብላሉ። ምራታቸው ባትኖር ማን ያበላቸው ነበር?

ልብስ ሰፊዋ ጠብታውን ወደ ሁለት ቀነሰች። ቀጥላም ጭራሽ አቆመች። በአምስተኛው ቀን ውሻው ቆሞ መሄድ ተሳነው። በአንሶላ ጠቅልላ ወደ ክሊኒኩ ሮጠች።

«እኔው ነኝ የገደልኩት» አለች እንባዋ እየወረደ።

ሐኪሙ የውሻውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየ። «ካቆምሽ አምስት ቀን ከሆነ ጠብታው አይደለም። ሌላ የሚያስተኛ ነገር ደርበሽ ሰጥተሻል?»

«ኧረ በፍጹም!»

ደሙን ቀድቶ ለምርመራ ላከ፤ ዘበኛውንም እዚያው አሳደረው።

በማግስቱ ከሰዓት ስትመጣ ዘበኛው ቆሞ ጭራውን ይቆላል። ደስታዋ ግን ከአፍታ አላለፈም። ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ፊቱን አጨፍግጓል።

«ደሙ ውስጥ የሰው የእንቅልፍ ክኒን ተገኝቷል። ለዚያውም ብዙ። ቤት ውስጥ የሚወስድ አለ?»

«ማንም የለም።»

«እሺ፣ ምግቡን ከየት ነው የሚበላው?»

ስልኳን አውጥታ ቤት ደወለች።

«አባባ... አባባ ምሳ በሉ?»

«ዛሬማ ሳህናቸውን ጥርግ አድርገው ነው የበሉት» አለች የወንድሟ ሚስት። «የሚሻማቸው ውሻ የለ!»