ወደ ላይ ፈልጊ

«በራ» አሉ አቶ ይርጋ፣ ከወንበሩ ብድግ ብለው።

እየሩስ ስልኩን ከሶኬቱ ሳትነቅል ከፎቶ ኮፒው ማሽን ላይ አነሣችው። የልጃቸው የብርቱካን ስልክ ነው። ከቤይሩት ከአስከሬኑ ጋር በመጣው ሻንጣ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ ተገኘ። የመክፈቻውን ቁጥር ታናሽ እኅቷ ታውቀዋለች። ውስጡ ያለውን የሚያነብላቸው ሰው ሲያፈላልጉ ግን ጎረቤቶቻቸው «ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ልጅ ዐረብ አገር ነበረች፤ እሷ ታይልዎ» አሏቸው። ለሐዘን ፀጉራቸውን የተላጩት ሽማግሌ ከጋፋት በእግራቸው ነው የመጡት።

«የመጣውን ወረቀት አንብበውልኛል። ከፎቅ ወደቀች ይላል» አሉ። «እንዴት ሆና እንደወደቀች ግን አይልም። ለሰው የነገረችው ነገር ካለ እይልኝ ብዬ ነው።»

«እሺ አባባ፣ ቁጭ ይበሉ።»

ቴሌግራሙን ስትከፍት መጀመሪያ ዐይኗ ያረፈው በራሷ ግሩፕ ላይ ነው። ከስደት በተመለሰች በዓመቱ ለእንደሷ ዓይነቶቹ የከፈተችው፣ አሁን ከሃያ ሺህ በላይ ሴቶች ያሉበት። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዷ በድምፅዋ ትመልስ ነበር። ፓስፖርቴን ደበቁብኝ፤ በር ይቆልፉብኛል፤ የትኛው ኤጀንሲ ይሻላል? ጠዋት የመለሰችውን ከሰዓት በኋላ ሌላዋ ቃል በቃል ትጠይቃታለች። በሁለተኛው ዓመት መልሶቹን ሁሉ በአንድ ጽሑፍ አሰባስባ ከግሩፑ ራስ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቅ ሁሉ አንድ መስመር ብቻ ትለጥፋለች። ጠያቂዋ ድምፅ የላከች እንደሆነ እየሩስ አራት አምስት ሴኮንድ ሰምታ ትዘጋዋለች፤ ከጅማሬው መጨረሻውን ታውቀዋለች።

ብርቱካን የላከችው አንድ ድምፅ ነው። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ከምናምን። ከሥሩ ያ መስመር ተለጥፏል። እየሩስ ቀኑን አየችው። ሽማግሌው ባሳዩዋት ወረቀት ላይ ካለው የሞቷ ቀን የሚቀድመው በአንድ ቀን ነው።

«ምን አገኘሽ?»

ባዶ ነው ልትል አሰበች። ሽማግሌው ግን ስልኩን ትተው ፊቷን ነበር የሚያዩት። ድምፁን ነካችው።

«ሰላም ናችሁ እኅቶቼ። መዳም በሩን ከውጭ ትቆልፍብኛለች፤ እንዴት አድርጌ ልውጣ?»

እየሩስ ያኔ የሰማችው እዚህ ድረስ ነበር። ድምፁ ቀጠለ።

«ከላይ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ። በተሰጠው ቁጥርም ሦስት ቀን ሙሉ ደወልሁ፤ አይነሣም። ሌላ መንገድ ካለ ብዬ ነው። ከባላኮኒው ሥር የሌላ ቤት ባላኮኒ አለ፤ ሩቅ አይመስልም። እንዲህ አድርጋ የወጣች ካለች ትንገረኝ። ደግሞ ከደብረ ታቦር አካባቢ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ጋፋት ለአባቴ ለይርጋ ደህና ናት በሉልኝ። ድምፄ ስለጠፋባቸው ይጨነቃሉ።»

አቶ ይርጋ «ደህና ናት» የሚለውን ሲሰሙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ መልእክት እንደሚቀበል ሰው።

«ምን ብለው መለሱላት?»

«መልሱ አንድ ነው።»

«አንብቢው።»

«ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ ተጠይቋል። ወደ ላይ ፈልጊ» ብላ አነበበች።

«ወደ ላይ ማለት?»

«ከላይ የተጻፈ አለ፤ እሱን እይ ማለት ነው።»

«አንብቤዋለሁ አለች እኮ።»

«አዎ።»

«ማነው እንዲህ ያላት?»

ስልኩ ላይ ያለው «አድሚን» የሚል ስም ብቻ ነው። አላውቃትም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«እኔ ነኝ አባባ።»

አንዲት ተማሪ ወረቀት ይዛ በር ላይ ቆመች። እየሩስ በእጇ፣ በኋላ ነይ አለቻት። አቶ ይርጋ ወደ ወንበሩ ተመልሰው ተቀመጡ።

«አልሰማሻትም?»

«መጀመሪያዋን ብቻ ነው የሰማሁት። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ስለሆነ…» ብላ ተወችው።

«ሰምተሻት ቢሆን ምን ትያት ነበር?»

«በባላኮኒው አትሞክሪ፤ ቤቱ የት እንደሆነ ንገሪኝና ሰው እልክልሻለሁ እላት ነበር።»

«የምትልኪው ሰው ነበረሽ?»

ቤይሩት ውስጥ ፍቅርተ የምትባል ጓደኛ አለቻት። ፖሊስ ይዛ በር እያንኳኳች እስካሁን አሥራ አንድ ልጆች አስወጥታለች።

«ነበረኝ» አለች እየሩስ።

«ድምፅዋ ሲጠፋብኝ ከዐረብ አገር የመጣ ሰው አለ ባሉኝ ቤት ሁሉ ስዞር ነው የከረምሁት» አሉ ሽማግሌው፣ ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው። «እስቴ ድረስ ሄጃለሁ። እዚህ ግን አልመጣሁም።»

እየሩስ እርግማን እየጠበቀች ነበር። ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

«ይኼ ድምፅ ይጠፋል?» አሏት።

«አይጠፋም።»

«እንግዲያ አከፋፈቱን አሳዪኝ።»

የሻከረ አውራ ጣታቸውን ይዛ ቦታው ላይ አሳረፈችላቸው። ሁለቴ ሳቱት፤ በሦስተኛው ያዙት። ጆሮዎ ላይ ከያዙት ለእርስዎ ብቻ ይሰማል አለቻቸው። ስልኩን ከሶኬቱ ነቅለው ሳይሰናበቷት ወጡ።

በበሩ ትታያቸዋለች። የባጃጅ ሾፌሮች ከግራ ከቀኝ ይጣሯቸዋል፤ እሳቸው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ይዘዋል። «እህ» ይላሉ። ጥቂት ያዳምጡና ደግሞ «እሺ ልጄ» ይላሉ። ከዚያ ስልኩን አውርደው፣ ቦታውን በአውራ ጣታቸው ፈልገው፣ መልሰው ወደ ጆሯቸው ይወስዱታል።