የሲቀላው ፈተና

መምህርት ልክነሽ የቲያትር ተማሪዎቿን የመጨረሻ ፈተና ከአዳራሽ አውጥታ ሲቀላ ገበያ መሃል ጣለችው።

«አዳራሽ ውስጥ የሚያጨበጭብላችሁ ጓደኛችሁ ነው» አለቻቸው። «ገበያው ግን አያውቃችሁም። የምትሆኑትን ራሳችሁ ምረጡ፤ ለእኔም አትንገሩኝ። ትወና መሆኑ የታወቀበት ወድቋል።»

ከሁሉም የተደሰተው ሰይፈሥላሴ ነበር። የክፍሉ ኮከብ እሱ ነው። ሲያለቅስ ሴቶቹ ሶፍት ያቀብሉታል፤ ሲቆጣ የፊት ወንበር ባዶ ይሆናል። ይህንንም ከማንም በፊት ራሱ ያውቀዋል።

ፊቱ የጠቆረው ኢሳያስ ነው። ንጉሥ ሁን ቢሉት፣ ነፍሰ ገዳይ ሁን ቢሉት፣ መድረክ ላይ የሚቆመው ያው ኢሳያስ ነበር። ይህን ፈተና ከወደቀ ከትምህርት ክፍሉ እንደሚሰናበት ተነግሮታል።

ከፈተናው በፊት በነበረው ልምምድ ላይ ሰይፈሥላሴ በጥፊ አጮለው። ጽሑፉ ላይ ጥፊ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ምነው?» አለ ኢሳያስ ጉንጩን ይዞ።

«ፊትህ ይነቃ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሰይፈሥላሴ የማይለይ ጓደኛ ሚካኤል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልክነሽም ብትሆን ፈገግታዋን የደበቀችው በእጇ ነው።

«ሲቀላ እንገናኝ» አለ ኢሳያስ። ቦርሳውን አንግቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ክፍል ዝር አላለም።

በፈተናው ቀን ልክነሽ በሙዝ ነጋዴዋ በጌጤ ዳስ ሥር ተቀመጠች። ዋጋ የምትከራከር መስላ ገበያውን ትቃኛለች።

«የእኔ ተከራይ ኢሳያስ ያንቺ ተማሪ አይደል?» አለች ጌጤ።

«ነው። ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰሞኑን በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲያጉረመርም ይውላል። በዝግ በር ብዙ አይሰማም፤ ብቻ እርግማን ትመስላለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማጭዴን አንስቶ ወደ ወንዙ ወረደ። ወዴት ነው ልጄ ብዬ ብጠይቀው ዘወርም አላለ። ዓይኑ ደም መስሏል።»

ልክነሽ የያዘችውን ሙዝ አስቀመጠች። ተነስታ ፈተናውን ልታስቆም ቃጣት። ነገር ግን ሰይፈሥላሴ በመናኸሪያው በኩል ብቅ ሲል አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። የሱን ትወና ማበላሸት አልፈለገችም።

ሚካኤል ከኋላው መጣ። ገፋ አደረገው፣ ስልኩን ከኪሱ መዘዘ፣ ሮጠ። ሁሉም እንደተነጋገሩት ነው።

«ሌባ» ብሎ ጮኸ ሰይፈሥላሴ። «ያዙልኝ። የሞተው ወንድሜ ፎቶ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው።»

ሞቶበት የሚያውቅ ወንድም የለውም። እንባው ግን እውነተኛ ነበር፤ ድምፁ ተሰበረ። ልክነሽ በልቧ ሙሉ ነጥብ ሰጠችው።

በእቅዳቸው መሠረት ሰው ሚካኤልን ይይዘዋል፤ ሰይፈሥላሴ ይደርስና ይቅር ይለዋል፤ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። ይህን ለገበያው የነገረው ሰው የለም።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ሚካኤልን ጠልፎ ጣለው። ሌላው ጎኑን በእርግጫ አለው። ሚካኤል መጀመሪያ ሳቀ። «ቆይ፣ ትወና ነው» ሊል አፉን ሲከፍት ዱላ አፉ ላይ አረፈ። ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማን እንደመታው መለየት አይቻልም። ጫማ፣ ዱላ፣ ቀበቶ፣ የሸንኮራ አገዳ። ያልተሰረቀውም፣ ወሬውን ያልሰማውም እየተጋፋ ገብቶ አንዳንድ ያሳርፍበታል።

ሰይፈሥላሴ እየሮጠ ሰው መሃል ገባ። «ተዉት፤ ጓደኛዬ ነው። ውሸቴን ነው።»

«አስፈራርተውት ነው የኔ ልጅ» አለች አንዲት ሴት። «አሁን ሲያለቅስ አላየነውም? ዞር በል አንተ፤ እኛ አለንልህ።»

እየጎተቱ አወጡት።

«መምህራቸው ነኝ» አለች ልክነሽ እየተጋፋች። «ፈተና ላይ ናቸው።»

«የሌባ መምህርት» አለ አንዱ፤ ሰውም ሳቀ። ክርን ፊቷ ላይ አረፈ። መነጽሯ ወድቆ እግር ሥር ደቀቀ። በጉልበቷ እየዳኸች ስታማትር ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር፤ ኢሳያስ በዚህ ሁሉ ላይ ማጭዱን ይዞ ቢደርስስ?

አንድ ወዛደር በሁለት እጁ የሚያዝ ድንጋይ አነሳ። ሚካኤል ጭንቅላቱን መሸፈን ትቷል።

በዚህ ጊዜ ሰዉ በአንድ በኩል ተከፈለ።

ቡልኮ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ገቡ። በሁለት እጃቸው ውሃ የሚያንጠባጥብ ለምለም ሣር ይዘዋል። ማንንም ቀና ብለው አላዩም። በሚካኤል ደም ላይ ተንበረከኩና ሣሩን ወደ ላይ አነሱ።

ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ የሚመታ ሰው ሲቀላ ውስጥ አልተወለደም።

«ይብቃ» አሉ በቀጭን፣ በደከመ ድምፅ። «ምድሪቱ ደም አትጠጣ። ይህን ሣር ያለፈ ዘሩ አይብቀል፤ ልጁ አይደግ።»

ወዛደሩ ድንጋዩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ እግሩ ሥር አስቀመጠው። ዱላ የያዘው ዱላውን ጣለ። ባርኔጣ ያደረገው አወለቀ። ቀድሞ ጠልፎ የጣለው የባጃጅ ሹፌር ሚካኤልን አቅፎ አነሳው፤ ይተነፍሳል። ወደ ሐኪም ቤት ይዞት በረረ።

ሰይፈሥላሴ የሽማግሌውን ጉልበት ስሞ ቀና ማለት አቃተው። እንባው ከአፍንጫው ጋር ተደባልቋል። ሶፍት ያቀበለው የለም።

«አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» አለች ልክነሽ ያለ መነጽሯ በጭጋግ እያየቻቸው። ከዚያ ደሟን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደተደናገጡት ተማሪዎቿ ዞረች። አንዱ አሁንም የለም።

«ኢሳያስ የት ነው?» አለች። «ኢሳያስን ያየው አለ?»

«አቤት፣ ቲቸር» አሉ ሽማግሌው።