ሁለቴ ካልታየ የማይገባው ፊልም

ጡረተኛው የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሶፋው ላይ ይቁነጠነጥ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላገኘው ሁሉ «የሚያውቅለት ጠፍቶ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ፊልም የለም፤ ግን ሁለቴ ካላዩት አይገባም» እያለ የተሟገተለትን ፊልም ልጁ ኢንተርኔት ላይ አግኝታ ከፍታለታለች። እሱ ግን የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን የሷን ፊት ነበር።

«አሁን ሴትዮዋ ትሞታለች» አለ። ሴትዮዋ አልሞተችም፤ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ትስቃለች። «ቆይ! ይሄ እኮ ከሞተች በኋላ ነው የሚመጣው!»

«አባዬ ደግሞ! ሞታ እንዴት ብላ ነው ልብስ የምታሰጣው?»

«እሱ እኮ ነው ጥልቀቱ!» ብድግ አለ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ብድግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሴትዮዋ ሞተች። ልጁ እንባዋን እየጠረገች «ኧረ እኔስ በአንዴ ገባኝ» አለችው።

ያኔ ለእሱም ገባው። ፊልሙ ተከፋፍሎ በተጠቀለለባቸው ቆርቆሮዎች ላይ የማጫወቻ ተራ ቁጥር የጻፈው በገዛ እጁ ነበር፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን አቀያይሮ። ግራ የተጋባው ተመልካች እያጉረመረመ ሲወጣ «ደንቆሮ ሁላ!» እያለ ከላይ በማጫወቻ ክፍሉ መስኮት ሲሳደብ የኖረውም እሱው ነው።

በዚያው ሲኒማ ቤት ቲኬት ትቆርጥ የነበረችው ሚስቱ ሹራብ መሥራቷን ለአፍታ አቆመች።

«ያንተው ይሻል ነበር» አለችው። «ባንተው ሴትዮዋ ትመለስ ነበር።»