የቁጥር ሰባት ብልቃጥ

ተመራማሪዋ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ አሥራ ሁለት በር ታንኳኳለች። የምትሰበስበው የልጆች ሽንት ነው። ትኩስ ምግብ ከፕላስቲክ ዕቃ የሚቀስመው ኬሚካል የልጆችን ሆርሞን ያዛባ እንደሆነ ይጠናል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ከመሸኘታቸው በፊት ሽንቱን በብልቃጥ ይቀበላሉ፤ እሷ ቁጥር ለጥፋ ትወስዳለች። ሰፈር የለቀቀ ልጅ ከመዝገብ ይሰረዛል። የሚያስቀና ሥራ አይደለም።

ቁጥር ሰባት የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመቷ። ተመራማሪዋ በመጀመሪያው ቀን አይታታለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ክፍተቱን በምላሷ ስትነካካ።

ሌሎቹ እናቶች ብልቃጡን በር ላይ አቀብለው ይሸኟታል። ልብስ ሰፊዋ ግን ወንበር ትጠርጋለች።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ እግርሽ ይረፍ። ሻይ ጥጃለሁ።»

«ሥራ አለብኝ፣ እትዬ።»

«ሥራ መቼ አልቆ ያውቃል?»

ትቀመጣለች። ልብስ ሰፊዋ ስለሚበጠስ ክር፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት ድመት ታወራለች። እንግዳዋ ልትሄድ ስትነሳ ቅር ይላታል። እውነቱን ለመናገር፣ ተመራማሪዋንም ቤቷ የሚጠብቃት ሰው የለም።

በአምስተኛው ወር የቁጥር ሰባት ውጤት ጣሪያ ነካ። በስምንት ዓመት ልጅ ገላ የጎልማሳ ሴት ሆርሞን! ተመራማሪዋ ክው አለች። በቀጠሮዋ ቀን የልብስ ሰፊዋን ቤት በዓይኗ በረበረች። ስፌት መኪናው አጠገብ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። መደርደሪያው ላይ ቀይ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። አገኘሁት አለች በልቧ።

«ምሳዋን የሚቋጥሩላት በዚህ ነው?»

«በዚሁ ነው።»

«ትኩሱን?»

«ታዲያ ቀዝቃዛ ልስጣት?»

ተመራማሪዋ እዚያው ሱቅ ወርዳ የመስታወት ምሳ ዕቃ ገዝታ መጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ብቻ!»

«እሺ፣ የኔ እናት።»

ውጤቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በሚቀጥለው ወርም ያው፣ በሚቀጥለውም ያው። የሌሎቹ ልጆች ውጤት ደህና ነው። ተመራማሪዋ በሴትዮዋ ግድ የለሽነት አንጀቷ አረረ። አለቃዋም ልጅቷ ሳትውል ሳታድር በሕፃናት ሐኪም ትታይ አለ።

ማክሰኞ ስትደርስ ሻዩ ተቀድቶ ጠበቃት። አልነካችውም። ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ የመስታወቱ ዕቃ ከነካርቶኑ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ በልጅዎ ጤና ይቀልዳሉ? ልጅነቷን ሳትጠግብ ለአቅመ ሔዋን ልትደርስ እኮ ነው! ሐኪሙ እየጠበቀን ነው፤ አሁኑኑ ከትምህርት ቤት ያስጠሩልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ብርጭቆውን ወደ እንግዳዋ አስጠጋች።

«አባቷ ከወሰዳት አራት ወሯ ነው፤ ሽንቱ የኔ ነው፤ ሻይሽን ጨርሺና ትሰርዢኛለሽ።»