ለቅሶ የምትውጥ ሐብል

ውሸታም መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ይህኛው ታሪክ ግን የእኔን ጭማሪ አያስፈልገውም። በእኛ ኮንዶሚኒየም፣ ጎረቤት እንዳይረበሽ ተብሎ፣ ሕፃን ሲወለድ አንገቱ ላይ ለቅሶ የምትውጥ ሐብል ይቆለፍበታል። ቁልፉ ያለው በብሎኩ ሊቀመንበር በአቶ ድንበሩ እጅ ነው።

ልጃችን በአራት ቀኗ ፊቷ በርበሬ እስኪመስል ታለቅሳለች፤ ድምፅ ግን የለም። አራሷ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጡቷን እያሸች፣ "ለቅሶዋን ካልሰማሁ ወተቱ አይወርድልኝም" አለችኝ።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። እንደ ጨቅላ አለቀስኩ። የአምስተኛ ፎቅ ድመቶች በሙሉ ሰፈር ለቀቁ፤ የጥሩወርቅም ቀሚስ በወተት መራስ ጀመረ።

ልጅቷ ገና ጡት ሳትጎርስ አቶ ድንበሩ አንኳኩተው ገቡ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ። ማነው የሚያለቅሰው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"አታፍርም? ሁለተኛ እንዳልሰማ።"

ጥሩወርቅ ልጅቷን አሳቀፈቻቸው። እሳቸው በሩን በሩን እያዩ፣ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት" አሉ።

"ይዩዋት እንጂ፣ ጋሼ። እየጮኸች እኮ ነው" አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው የተከፈተ አፏን አዩ። ቀና ሳይሉ፣ ልጅቷ የምትለውን በጆሯቸው ሥር አለቀስኩላቸው።